ቃሬዛም ይቆጠራል

ስድስት ዓመቴ ሳለ ፋሂም የሚባል የክፍሌ ልጅ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ነበር፤ እኔ አልተሳፈርኩም። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚህ ነው።

የምንማረው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ በሚባል ሰፈር፣ ከቤታችን ሦስት ቅያስ አለፍ ብላ ባለች መዋዕለ ሕፃናት ነው። አስተማሪያችን ሚስ ጽዮናዊት ትባላለች። ከሩቅ አገር መጥታ እዚሁ ኮሌጅ ተምራ የቀረች ቀጭን ሴት ናት። ያኔ ትልቅ ሴትዮ ትመስለኝ ነበር። አሁን ሳሰላው ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው።

የዚያን ሳምንት ትምህርት መጓጓዣ ነበር። ሚስ ጽዮናዊት ሰሌዳውን ለሦስት ከፍላ የየብስ፣ የውሃ፣ የአየር ብላ ጻፈች። «መጓጓዣ ማለት ሰውን ወይም ዕቃን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የሚያደርስ ነገር ነው» አለች። እኛም ጎረቤት እስኪሰማ እየጮህን ደገምነው። ሐሙስ ዕለት አሥራ ሁለት ሥዕል ያለበት ወረቀት አደለችን። እግረኛ አለ፤ አህያ፣ በቅሎ፣ ጋሪ፣ ብስክሌት፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ ባቡር፣ ጀልባ፣ አውሮፕላን አለ።

«የሄዳችሁበትን አክብቡ» አለች። «እዚህ የሌለ ሌላ ካወቃችሁ ከጀርባው ሳሉ። ሰኞ የወላጅ ፊርማ አስፈርማችሁ አምጡ። ብዙ ያከበበ ኮከብ ይለጠፍለታል።»

ፋሂም እዚያው ቁጭ እንዳለ ሰባት አከበበ። አባቱ ነጋዴ ናቸው፤ አውሮፕላኑም በእሳቸው የመጣ ነው። እኔ ሦስት አከበብኩ፤ እግር፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ። ባጃጁ የአባቴ የቲጃኒ ነው፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ይሠራበታል። ባጃጅ ደግሞ ከሠላሳ ልጅ ሠላሳውም አክብቦታል።

ቤት ስደርስ እናቴ ልብስ በፌስታል እያስገባች ነበር።

«ነገ አኮ ጋ እንሄዳለን» አለችኝ። አኮ የምንላት የእናቴ እናት ናት፤ ከሰርቦ አለፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በእግር የሚገባ አገር ነው የምትኖረው።

«ለምን?»

«አሟታል። አይተናት እሑድ እንመለሳለን።»

እኔ ግን ገባኝ። ሚስ ጽዮናዊት ለእናቴ ነግራታለች፤ እናቴም ቁጥሬን ልታሟላልኝ ነው። አኮ በእውነት ታማ እንደነበር ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

እናቴ ፋሪዳ በዚያን ጊዜ ሆዷ ገፍቷል። ሰባት ወሯ ነበር። ወንድም ወይ እህት እንደሚመጣልኝ ተነግሮኛል። በምን እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረኝም።

ዓርብ በሚኒባስ ሄድን። ሚኒባስ አለኝ፤ ስለዚህ ተኛሁ። መውረጃው ላይ አጎቴ አብዱልሃዲ በቅሎ ይዞ ጠበቀን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቡናው መቅላት ከጀመረ በኋላ መዝነብ ያልነበረበት ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። እናቴን በቅሎዋ ላይ አወጣትና ከፊቷ አስቀመጠኝ። አራት ሆንኩ። እርሳሴን ይዤ ስለነበር በቅሎዋ ላይ እንዳለሁ አከበብኩ። ክቡ ጠማማ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። እናቴ ጓዳ ናት፤ አትግቢ ተባልኩ። አኮ ሕመሟን ትታ ተነስታ ውሃ ታመላልሳለች። ሁሉም ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። እኔም ኦሮምኛ እችላለሁ፤ የእነሱ ግን ከመርካቶው ይፈጥንብኛል፤ በዚያ ላይ በሹክሹክታ ነው። አብዱልሃዲ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲደውል ቆየና እየሮጠ ወረደ።

«አምቡላንሱ ሌላ ሰው ሊያመጣ ሄዷል። እስኪመለስ ሰርቦ አድርሷት ነው የሚሉት።»

«ቢመጣስ በየት ይገባል?» አለች አኮ። «መኪና ካላገኛችሁ እኮ አለቀላት።»

ያለቀው ቤንዚን መሰለኝ።

አጎቴና ሁለት ጎረምሶች ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት አመጡ። በመሀላቸው ገመድ ጠላለፉ፣ በላዩ ብርድ ልብስ አነጠፉ። እናቴን በአንሶላ ይዘው አውጥተው እዚያ ላይ አስተኟት። ፊቷ የአመድ ቀለም ነበረው። ስምንት ሰዎች ጎንበስ ብለው በአንዴ ወደ ትከሻቸው ሲያነሷት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። ፋሂምም የለውም።

«ሂንድስ? ሂንድ የት ናት?» አለች እናቴ ከላይ።

«እዚህ ነኝ።»

«ከአጎትሽ እንዳትርቂ።»

«እማ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

«ቃሬዛ።»

«የየብስ ነው?»

ዓይኗን ሳትከፍት፣ «አዎ፣ የኔ እናት፤ የየብስ ነው» አለችኝ።

ቁልቁል ወረድን። ሰዎቹ «ሱታ፣ ሱታ» ይባባላሉ፤ ቀስ በሉ ማለት ነው፤ ግን ቀስ አይሉም ነበር። በየቡናው ሥር የሚለቅሙ ሰዎች ሲያዩን ቅርጫታቸውን እያስቀመጡ ይመጣሉ። አንዱ ሲደክም ሌላው ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ትከሻውን ያስገባል፤ የተተካው ደግሞ ወደ ሥራው በመመለስ ፈንታ ከኋላ ይከተላል። ስምንት የነበሩት ሠላሳ ሆኑ። ተራ የሚጠብቁ መሰለኝ። እኔ ብሆን እጠብቅ ነበር። ጥቂቶቹ ስሟን እንኳ እንደማያውቁ አጎቴ በኋላ ነግሮኛል።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ድልድዩ ሁለት ግንድ ብቻ ስለሆነ በውሃው ገቡ። እኔን አንድ የማላውቀው ሰውዬ ትከሻው ላይ አወጣኝ። ውሃው እስከ ወገቡ ደረሰ። ከፊታችን ቃሬዛውን በተዘረጋ እጃቸው ከጭንቅላታቸው በላይ ይዘውት ነበር። ይሄ ከውሃ መጓጓዣ ይቆጠር እንደሆነ ሰውዬውን ጠየቅኩት። «ጨሊሲ» አለኝ፤ ዝም በይ ማለት ነው። አለመቆጠሩ ነው ብዬ ተውኩት።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እናቴን ዛፍ ጥላ ሥር አወረዷት። መጀመሪያ የመጣው ባጃጅ ነበር። አብዱልሃዲ መሀል መንገድ ገብቶ አስቆመው። ይህን ሳይ ደነገጥኩ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተን ባጃጅ? የአጎቴን ሸሚዝ ይዤ አለቀስኩ።

«ባጃጅ አልፈልግም። ባጃጅ አለኝ» አልኩ ደጋግሜ።

ባጃጁ ባዶውን ሄደ። አሸነፍኩ ብዬ እንባዬን ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። አንዲት ሴት እናቴ እግር አጠገብ ቁጭ ብላ ጨርቅ ትለውጣለች።

በመጨረሻ የእሸት ቡና የጫነ አይሱዙ መጣ። ሹፌሩ ፈይሳ ይባላል፤ አጭር፣ ደንዳና ሰው ነው። ወርዶ ቃሬዛውን አየ። ምንም ሳይጠይቅ ጭነቱ ላይ ወጣና ጆንያዎቹን በእግሩ እየረገጠ አስተካከለ።

«ጭነትህስ? የቡና መፈልፈያው አይጠብቅህም?» አለው አብዱልሃዲ።

«ጭነቱ አይሞትም» አለ ፈይሳ።

ጆንያ እንደማይሞት እኔም አውቅ ነበር።

እናቴን ከነቃሬዛው አወጧት፤ አጎቴ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔን ጋቢና አስገቡኝ። የጭነት መኪና፤ አምስት። መንገዱ ላይ ስንሮጥ የፈይሳ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

«ጋሼ፣ ምን እየዘፈኑ ነው?» አልኩት።

«ማርያምን እየጠራሁ ነው።»

«የት ናት?»

መሪውን እንደያዘ አንዴ ብቻ ዞር ብሎ አየኝ።

ሰርቦ ጤና ጣቢያው በር ላይ እናቴን ሲያወርዷት ቀሚሷ ከወገብ በታች ቀይ ሆኗል። የእሸት ቡናው ጭማቂ ነው ብዬ አኮ እንደምትቆጣ አሰብኩ። የቡና ጭማቂ እንዲያ አይቀላም።

አምቡላንሱ ተመልሶ ነበር። ስድስት ልሆን ነው። ነርሷ ልጅ አይገባም አለች፤ አብዱልሃዲ ለማን ልተዋት አላት፤ ገባሁ። እናቴ ክንድ ላይ መርፌ ሰኩላት። ሹፌሩን ጩኸቱን እንዲከፍትልኝ ጠየቅኩት፤ ወዲያው ከፈተው። በዚያ መንገድ ላይ መኪናውም፣ ጋሪውም፣ ከብቱም ጥግ ይዞ ሲያሳልፈን እያየሁ እንደኔ ያለ ክብር ያገኘ ልጅ ያለ አልመሰለኝም። ነርሷ እናቴን በጥፊ መታ መታ እያደረገች፣ «ፋሪዳ፣ አትተኚ። ፋሪዳ፣ አናግሪኝ» ትላታለች። እኔም አገዝኳት። «እማ፣ አትተኚ፤ እንዳያመልጥሽ» አልኳት።

ሆስፒታሉ ደግሞ ጎማ ያለው አልጋ ነበረው። እናቴን ጭነው እየገፉ ከአንድ በር ወደ ሌላ በር ወሰዷት። እኔ ስላልተሳፈርኩበት ይቆጠር አይቆጠር ስከራከር ቆየሁ። ከራሴ ጋር ነው የምከራከረው፤ ሌላ የሚያዋራኝ አልነበረም።

አባቴ ባጃጁን በር ላይ ትቶ እየሮጠ ገባ። ሲያየኝ ቁጭ ብሎ አቀፈኝ። የቤንዚን ሽታ ነበረው።

«አባ፣ ስድስት ደረስኩ። ቃሬዛው ከተቆጠረ ሰባት» አልኩት።

«ጎበዝ» አለኝ። ዓይኑ ከጀርባዬ ያለው በር ላይ ነበር።

አንዲት አረንጓዴ የለበሰች ሐኪም ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ቀስ ብላ ብዙ ነገር ነገረችው። ደም ማን ይሰጣል ስትል አብዱልሃዲ ተነስቶ ሄደ፤ በኋላ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎበት ተመለሰ። ቃሬዛ ተሸክሞ ስለደከመ የታከመ መሰለኝ። ለአባቴ ደግሞ ወረቀት ሰጠችው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችው።

አባቴ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። «ይሄ ማለት ከዚህ በኋላ…» ብሎ ተወው።

«እሷን ለማትረፍ ነው» አለች ሐኪሟ።

ፈረመ። ይህን ሳይ የራሴ ወረቀት ትዝ አለኝ። ከልብሴ ውስጥ አወጣሁት፤ ጭቃ ነክቶት ነበር። «የኔንም ፈርምልኝ። የወላጅ ፊርማ ነው» አልኩት። ሐኪሟ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ አየችኝ። አባቴ በዚያው እስክሪብቶ ፈረመልኝ። አንዱ ወረቀት የእናቴን ማህፀን እንዲያወጡ የሚፈቅድ ነው። ሌላው ልጃቸው በስድስት ዓይነት መጓጓዣ መሄዷን የሚያረጋግጥ። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አባቴ ከዚያ በር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ታቅፎ ወጣ። አብዱልሃዲና ከባጃጅ ተራ የመጡ ሁለት ጓደኞቹ ተከተሉት። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ሳለ በእግራቸው ሄዱ። ይሄ አልገባኝም። ባጃጅ ያለው ሰው ለምን በእግሩ ይሄዳል? ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር፤ ጫማው ላይ ቀይ አፈር ነበር። ጎረቤታችን ወርቂቱ መጥታ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ።

ሰኞ ወርቂቱ ፀጉሬን ጎንጉና ትምህርት ቤት አደረሰችኝ። ፋሂም ሰባቱን አንብቦ ተቀመጠ። እኔ ተነሳሁ። ስድስቱን አነበብኩ፤ አምቡላንሱን ከጀርባው ስዬው ነበር። ቀጥዬ ቃሬዛውን አሳየኋቸው፤ ሁለት መስመር፣ መሀሉ ላይ የተኛች ሴት፣ ከሥር ብዙ እግር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁ፤ ወንዙን፣ ቀዩን ቀሚስ፣ አባቴ በእግሩ መሄዱን ሳይቀር። ሚስ ጽዮናዊት ጠመኔዋን አስቀምጣ ወጣች። ቃሬዛው ሐሰት መስሏት ተቀየመች ብዬ ፈራሁ።

ቆይታ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። ሰሌዳው ላይ ከየብስ ሥር፣ ከባቡር ቀጥላ፣ «ቃሬዛ» ብላ ጻፈች።

«ሚስ፣ እሱ አይቆጠርም» አለ ፋሂም። «ሞተር የለውም።»

«ቃሬዛም ይቆጠራል» አለች ሚስ ጽዮናዊት። «ሞተር የለውም፤ ሰው አለው።»

እኩል ሰባት ስለሆንን ለሁለታችንም ኮከብ ለጠፈችልን። ቅር አለኝ። የኔ ይበልጣል ብዬ አስቤ ነበር።

እናቴ በአሥራ አንደኛው ቀን ቤት ገባች። ሆዷ የለም። ወንድም ነው እህት ብዬ ስጠይቅ ወርቂቱ፣ «ወንድም ነበር፤ ሄደ» አለችኝ። «በምን ሄደ?» አልኳት። ወርቂቱ ቡና ልትወቅጥ ተነሳች፤ ቡናው ግን ተወቅጦ ነበር።

እናቴ አትናገርም። አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ትውላለች። አባቴ ምሳ ሰዓት እየመጣ ያጎርሳታል፤ ሁለት ጉርሻ ትውጥና ትተወዋለች። እንዲህ ከወር በላይ ቆየ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «የት አደረግከው?» አለችው።

«ወሰድኩት እኮ፤ ከሰው ጋር ሆነን አደረስነው» አላት።

«ስም አወጣህለት?»

«ሰሚር ብየዋለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ተንፍሷል። ጆሮው ላይ አዛን ብያለሁ።»

ስለ አንድ ደንበኛው የሚያወሩ መሰለኝ። እናቴ ግን ተነስታ ሻርፗን ለበሰች።

ሦስታችንም በባጃጁ ሄድን። ከከተማው ዳር፣ ሣር የበዛበት፣ ዛፍ ያለበት ሜዳ ነው፤ ሽርሽር የመጣን መሰለኝ። አባቴ ራቅ ብሎ አቆመና እናቴን ደግፎ ወስዶ አንዲት ትንሽ የአፈር ክምር አጠገብ አስቀመጣት። ራሱ ዛፍ ሥር ቆመ። ብዙ ቆየች። ሰለቸኝና ተነጫነጭኩ። አባቴ መጥቶ ቁልፉን ነቀለና የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ከዚያ በፊት አስነክቶኝ አያውቅም። መሪውን ያዝኩ። ባዶውን ሜዳ እያየሁ «መርካቶ፣ መርካቶ፣ የሞላ» እያልኩ ነዳሁ፤ በአፌ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ጥሩምባውን ነፋሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቴ ተነስታ መጣችና ከኋላ ተሳፈረች። «መርካቶ ነው?» አለችኝ። ከወር በላይ ሳታናግረኝ ቆይታ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አንዲት ጎረቤት ለሌላዋ፣ «ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢደርሱ ልጁ ይተርፍ ነበር አሉ» ስትል ሰማሁ። ያን ቀን ሁሉም ነገር በየቦታው ገባ፤ ጓዳው፣ ጨርቁ፣ ነጩ ጥቅልል። ከሁሉም በላይ ባጃጁ። ባጃጁን የመለስኩት እኔ ነኝ። ይህን ይዤ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ባጃጅ ላለመሳፈር በእግሬ እሄድ ነበር፤ የባጃጅ ሹፌር ልጅ ሆኜ ማለት ነው።

ኮሌጅ የገባሁ ዓመት አኮ አገር ሄጄ፣ አብዱልሃዲ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሲያገላብጥ አጠገቡ ቆሜ ነገርኩት። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርኩት።

«የቱ ባጃጅ?» አለኝ።

«መጀመሪያ ያስቆምከው። እኔ አልፈልግም ብዬ አልቅሼ የሄደው።»

እጁን ቡናው ውስጥ እንዳደረገ አሰበ። «ቃሬዛው ባጃጁ ውስጥ መች ገባለት? ይዘነው ሞከርን እኮ። እናትሽ ደግሞ ታጥፋ መቀመጥ አልቻለችም። ሹፌሩ አዝኖ ነው የሄደው።»

«እኔ ሳለቅስ አልሰማችሁኝም?»

«አንቺ እዚያ ነበርሽ እንዴ?» አለኝና ማገላበጡን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ለእናቴ አንድ ነገር ለመናገር ድፍረት አገኘሁ። ባለፈው ዓመት ነው። ግቢ ውስጥ አንሶላ ይዘን በየጫፉ እየጨመቅን ነበር። ያን የሜዳውን ቀን አነሳሁባት። እሷ አፈሩ አጠገብ ተቀምጣ እያለ እኔ ስጫወት እንደነበር፣ ደስ ብሎኝም እንደነበር፣ ይህም ሲያሳፍረኝ እንደኖረ ነገርኳት።

አንሶላውን እንደያዘች ቆመች።

«እሰማሽ ነበር» አለችኝ። «እዚያ ስቀመጥ ከእንግዲህ አልነሳም ብዬ ነበር። አባትሽም ገብቶታል፤ ለዚህ ነው ያልጠራኝ። አንቺ ደግሞ መርካቶ፣ መርካቶ እያልሽ ትጣሪያለሽ። ሜዳው ላይ ሰው የለም። ብጠብቅ ብጠብቅ ማንም አልመጣልሽም። ልጄ አንድ ሰው እንኳ ሳይሳፈርላት ልትመለስ ነው ብዬ ተነሳሁ።»

ከዚያ አንሶላውን አጥብቀሽ ያዢ አለችኝ፤ ከወደ እኔ በኩል መሬት ነክቶ ነበር።